ከከተማ ከተማ እየዞሩ ባርነትን የተቃወሙት ተናጋሪዎች ሥራቸው ምን ነበር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በፌብሩዋሪ ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ስለ አሜሪካ የፀረ-ባርነት ንቅናቄ ግማሽ ሰዓት እንድናገር ተጠይቄያለሁ። እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው፦ ነጭ ሰባኪዎች ወደ ደቡብ እየወረዱ ባሪያ አሳዳሪዎችን ይመክሩ ነበር፤ ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ደግሞ አብረው እየዞሩ የደረሰባቸውን ይመሰክሩ ነበር። ልጆቹ ምን እንደሚጠይቁኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ይከፈላቸው ነበር ወይ? ደግሞስ በወሬ ብቻ ምን ተለወጠ? የማንን ታሪክ ብነግራቸው ይሻላል?»

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ወደ ደቡብ አልወረዱም። ሥራው የተሠራው ከሞላ ጎደል በሙሉ በሰሜን ነው፤ በማሳቹሴትስ፣ በኒው ዮርክ፣ በፔንሲልቫኒያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና። በደቡብ እንዲህ ያለ ንግግር ማድረግ በሕይወት መቀለድ ነበር። ኤሞስ ድሬሰር የሚባል የሥነ መለኮት ተማሪ በ1835 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ቴነሲ ውስጥ ናሽቪል ከተማ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ ሄደ። አንዲት ቃል አልተናገረም። ዕቃው ሲፈተሽ ግን ባርነትን የሚቃወሙ ጽሑፎች ተገኙ። የከተማው ሰዎች ራሳቸው በራሳቸው ያቋቋሙት ኮሚቴ ፈረደበትና በአደባባይ 20 ጅራፍ ተገረፈ።

ታዲያ ባርነት በሌለበት አገር ምን ያዞራቸው ነበር? ልጆቹ ይህን ካልጠየቁ እርስዎ ራስዎ ያንሱት፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባርነት የደቡብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የደቡብን ጥጥ የሚፈትለው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ ነው። ገንዘቡን የሚያበድረውና ጥጡን በመርከብ የሚልከው የኒው ዮርክ ነጋዴ ነው። ያመለጠ ሰው ሲያዝ «የእገሌ ነው» ብሎ የሚያስረክበው የሰሜን ዳኛ ነው። ኮንግረስ ባለበት በዋሽንግተን ከተማ እስከ 1850 ድረስ ሰው በገበያ ይሸጥ ነበር፤ ለዚያ ገበያ ከሰሜን የተመረጡ እንደራሴዎችም ተጠያቂ ነበሩ። ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎችን እንደ ማንኛውም ምእመን ያቆርቡ ነበር። ተናጋሪዎቹ ሊያናውጡ የፈለጉት ይህንን ነው፤ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ የተኛውን ሰሜናዊ።

ሥራው ድርጅት ነበረው። የአሜሪካ ፀረ-ባርነት ማኅበር በዲሴምበር 1833 ፊላደልፊያ ላይ ሲመሠረት፣ በየከተማውና በየመንደሩ ቅርንጫፍ እንደሚያቋቁምና ለዚህም ወኪሎች እንደሚልክ በመግለጫው ላይ አስፍሯል። ከዚያ በፊት ጨዋ የሚባለው ሰው አቋም «ቀስ በቀስ ነጻ ይውጡ» ነው፤ አለዚያም «ነጻ አውጥተን ወደ ላይቤሪያ እንላካቸው»። የማኅበሩ ጥያቄ ግን አሁኑኑ፣ ለባለቤቱ ካሳ ሳይከፈል፣ ማንም ከአገሩ ሳይባረር የሚል ነበር። ለዚያ ዘመን ጆሮ ይህ እብደት ነው። እብደት የሚመስልን ሐሳብ ደግሞ በጋዜጣ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሰው መጥቶ፣ ቆሞ፣ ጥያቄ ተቀብሎ መመለስ አለበት።

ይህን ከሁሉ በላይ የተረዳው ቴዎዶር ዌልድ ነው። በ1834 ሲንሲናቲ በሚገኘው ሌን ሴሚናሪ በሚባል የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ስለ ባርነት ለ18 ሌሊት የቆየ ክርክር መራ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ነገሩን ሲከለክል አብዛኞቹ ተማሪዎች ጥለው ወጡ፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ የማኅበሩ ወኪሎች ሆኑ። ናሽቪል የተገረፈው ድሬሰር ከእነዚሁ አንዱ ነው። ዌልድ አንድ ከተማ ገብቶ አንድ ንግግር አድርጎ አይሄድም ነበር። በተከታታይ ምሽቶች፣ አንዳንዴ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በዚያው ቦታ ይናገራል። የመጀመሪያው ምሽት ጩኸትና ድንጋይ ነው። በአምስተኛው ምሽት የሚጮኸው ሰው ይደክመዋል። በመጨረሻው ምሽት «የተስማማችሁ ተነሱ» ይላል። ኦሃዮ ውስጥ ሰርክልቪል በምትባል ከተማ እየተናገረ ሳለ በመስኮት የገባ ድንጋይ ራሱን መታው። ራስ ምታቱና ማዞሩ እስኪለቀው ጥቂት ቆመ። ከታዳሚው አንዳንዶች ካፖርታቸውን አውልቀው መስኮቱን ጋረዱለት፤ እሱም ንግግሩን ቀጠለ። ስለ ትልልቅ ከተሞች የነበረው አቋምም ግልጽ ነው። ተውአቸው፣ ገጠሩንና ትንንሾቹን ከተሞች ያዙ ይል ነበር።

በ1836 ማኅበሩ የወኪሎቹን ቁጥር ወደ 70 ለማድረስ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰብስበው ሠለጠኑ። ሥልጠናው የአነጋገር ስልት አልነበረም። ሕዝቡ የሚያነሳውን ጥያቄ አንድ በአንድ መመለስ ነበር። «ነጻ ቢወጡ የት ይሄዳሉ?» «መጽሐፍ ቅዱስስ ባርነትን ይፈቅድ የለ?» «ንብረትን ያለ ካሳ መውሰድ ስርቆት አይደለም ወይ?» ዌልድ በየቀኑ ለሰዓታት ሲናገር ከርሞ ድምፁ ተበላሸ፤ በአደባባይ መናገሩን ለዓመታት ለማቆም ተገደደ።

አሁን «በወሬ ብቻ ምን ተለወጠ» ወደሚለው ጥያቄዎ እንምጣ። እኔ የምለው ይሄን ነው። ንግግሩን ሥራው አድርገው አይዩት። ሥራው ንግግሩ ካለቀ በኋላ በከተማው የሚቀረው ነገር ነው። ተናጋሪው እርሾውን ጥሎ ነው የሚሄደው። በመጨረሻው ምሽት የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይነበባል፤ የተስማሙት ይፈርማሉ፤ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመረጣሉ። ለጋዜጣ ደንበኝነት ይመዘገባል፤ ለምሳሌ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን ከ1831 ጀምሮ ቦስተን ላይ ለሚያወጣው ሊበሬተር። ለኮንግረስ የሚላክ የአቤቱታ ቅጽ ይታደላል። ቅጹን ይዘው ቤት ለቤት እያንኳኩ ፊርማ የሚያሰባስቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሴቶች። በ1838 ማኅበሩ ወደ 1,350 የሚጠጉ ቅርንጫፎች እንዳሉት አስታወቀ። ይህ ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ከዜሮ የተነሣ ነው።

የአቤቱታዎቹ ጎርፍ ደግሞ ማንም ያላሰበውን ነገር አመጣ። የኮንግረሱ ምክር ቤት በ1836 ባርነትን የሚመለከት አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብና ሳይታይ ወደ ጎን ይደረግ ብሎ ወሰነ። ይህ ደንብ እስከ 1844 መጨረሻ ቆየ። ስለ ባሪያው ደንታ ያልነበረው የሰሜን ገበሬ «የእኔን ደብዳቤ ለምን አታነቡም?» ብሎ ተቆጣ። ብዙ ሰው ወደ ንቅናቄው የመጣው በዚህ በር ነው። ልጆቹ ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ ለራሱ ድምፅ ሲታፈን የማይቆጣ ሰው የለምና።

ክፍያን በተመለከተ፣ አዎ፣ ይከፈላቸው ነበር። ለማኅበሩ ወኪል የተለመደው በሳምንት 8 ዶላር ገደማና የመንገድ ወጪ ነው። የዚያን ጊዜ የቀን ሠራተኛ በቀን አንድ ዶላር ወይም ከዚያ ያነሰ ያገኝ ስለነበር የሚያኖር እንጂ የሚያበለጽግ ክፍያ አይደለም። ሲከፈል ነው እሱም። በ1837 የገንዘብ ቀውስ የማኅበሩ ዋና ደጋፊ የነበረው የነጋዴው አርተር ታፓን ድርጅት ሲወድቅ የማኅበሩ ካዝና ተራቆተ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተቀበሉም። እህትማማቾቹ ሳራና አንጀሊና ግሪምኬ የዞሩት በራሳቸው ወጪ ነበር። «ለገንዘብ ብለው ነው» የሚለው ክስ በዚያ ዘመንም ነበር፤ እውነት ግን አልነበረም።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር «ነጩ ያስተምራል፣ ጥቁሩ ይመሰክራል» የሚለው ነው። ይህ እርስዎ የፈጠሩት ስህተት አይደለም። በንቅናቄው ውስጥ የነበሩ ነጮችም ልክ እንዲህ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ጥቁሮቹ ተናጋሪዎች ታግለው የሰበሩት አስተሳሰብ ነው። በማሳቹሴትስ ቀድሞ በወኪልነት የተቀጠረው ጥቁር ተናጋሪ ቻርልስ ሌኖክስ ሬሞንድ ሲሆን እሱ ጭራሽ ባሪያ ሆኖ አያውቅም፤ በሴለም ከተማ በነጻነት የተወለደ ሰው ነው። በ1854 ሜይን ውስጥ ወኪል ሆና የተቀጠረችው ገጣሚዋ ፍራንሲስ ኤለን ዋትኪንስም ባልቲሞር ውስጥ ነጻ ሆና ነው የተወለደችው። ባልቲሞር ለልጆቹ ቅርብ ስለሆነች እሷን መጥቀሱ ጥሩ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ግን ነገሩን ፊት ለፊት ገጠመው። በሜሪላንድ ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ በ1838 ከዚያ አምልጦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒው ቤድፎርድ ከተማ ገባ። ባልቲሞር ሳለ የመርከብ ስንጥቅ የመድፈን ሙያ ተምሯል። ነጮቹ ሠራተኞች ግን አብረነው አንሠራም ስላሉ በጉልበት ሥራ ነበር የሚተዳደረው። በኦገስት 1841 ናንታኬት ደሴት ላይ በተደረገ ስብሰባ ተነሥቶ ተናገረ። ዕድሜው 23 ነበር። የማሳቹሴትስ ማኅበር ወዲያው ለሦስት ወር ቀጠረው። አብሮት የሚዞረው የማኅበሩ ኃላፊ ጆን ኮሊንስ «አንተ የሆነውን ብቻ ተናገር፤ ፍልስፍናውን ለእኛ ተው» ይለው ነበር። አነጋገርህ ትንሽ የእርሻ ባሪያ አነጋገር ቢኖረው ይሻላል፣ አለዚያ አያምኑህም ብለውም መክረውታል። ዳግላስ በኋላ ስለዚህ ሲጽፍ እያደግሁ ነበር፣ ቦታም ያስፈልገኝ ነበር ብሏል። ያው ታሪክ በየምሽቱ መደጋገሙ ሰለቸው። በደልን መተረክ አልበቃ አለው፤ በደሉን መመርመርና ማውገዝ ፈለገ።

የሥራው ውሎ ምን ይመስል እንደነበር ከግራፍተን የተሻለ የሚያሳይ የለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዳግላስ ብቻውን ደረሰ። አዳራሽ የሚሰጠው ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተገኘለትም። ወደ ሆቴሉ ሄደና የምሳ መጥሪያውን ደወል ተዋሰ። ከዚያ በዋናው መንገድ ላይ እያቃጨለ፣ በቅርቡ ከባርነት የወጣው ፍሬድሪክ ዳግላስ ዛሬ ማታ በአንድ ሰዓት በከተማው ሜዳ ላይ ይናገራል እያለ አወጀ። ሕዝብ ጎረፈ። ከዚያ ምሽት በኋላ የከተማዋ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተለት። ይህን ለወጣት መናገር ያስደስታል፤ ራሱ ማስታወቂያ ነጋሪ፣ ራሱ ተናጋሪ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያልቅም። በ1843 ማኅበሩ ከኒው ኢንግላንድ ተነሥቶ እስከ ኢንዲያና 100 ስብሰባ ለማድረግ አቀደ። በሴፕቴምበር ዳግላስ ከሁለት ነጭ ባልደረቦቹ ጋር ፔንድልተን ኢንዲያና ደረሰ። በጫካ ውስጥ የእንጨት መድረክ ሠርተው ስብሰባውን ጀመሩ። ቁጥሩ 60 የሚሆን ዱላና ድንጋይ የያዘ ቡድን መጥቶ መድረኩን አፈረሰው። ባልደረባው ዊሊያም ዋይት ተደብድቦ ጥርሱ ወለቀ። ዳግላስ ዱላ አንሥቶ ሊከላከል ሲል ቀኝ እጁን ሰበሩት። ኒል ሃርዲ የተባለ ገበሬ፣ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን አባል፣ በጋሪው ቤቱ ወስዶ አስታመመው። አጥንቱ በደንብ ስላልተገጠመ ያ እጅ ዕድሜ ልኩን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ዳግላስ አብሯቸው የሚሠራው የሊበሬተሩ አዘጋጅ የጋሪሰን ተከታዮች በምንም ሁኔታ ዱላ አናነሣም የሚሉ ነበሩ። ዳግላስ ግን ዱላ አነሣ። ይህን አይደብቁት።

ረብሸኞቹን ደግሞ ጠጥተው የወጡ ዱርዬዎች አድርገው አይሳሏቸው። ብዙ ጊዜ የሚመሯቸው የከተማው ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ጠበቆች፣ ነጋዴዎች፣ ፖለቲከኞች። በኦክቶበር 1835 በዩቲካ ኒው ዮርክ የፀረ-ባርነት ጉባኤ የበተነውን ሕዝብ ከመሩት መካከል የኮንግረስ አባል ነበረበት። በዚያ ጉባኤ ለመታዘብ የተገኘው ባለጸጋው ጌሪት ስሚዝ ያየው ነገር አንገሸገሸው። ጉባኤተኞቹን ወደ መንደሩ ጋብዞ ንቅናቄውን ተቀላቀለ፤ ከዋናዎቹ ደጋፊዎችም አንዱ ሆነ።

ሴቶቹን ብቻ ለብቻ አንድ ሙሉ መልስ ይበቃቸው ነበር። የግሪምኬ እህትማማቾች የቻርልስተን ሳውዝ ካሮላይና ባሪያ አሳዳሪ ዳኛ ልጆች ናቸው። በ1837 በማሳቹሴትስ 67 ከተሞችን ዞሩ። መጀመሪያ የሚናገሩት ለሴቶች ብቻ ነበር። ወንዶች ከኋላ እየገቡ መቀመጥ ሲጀምሩ የግዛቱ ቀሳውስት ሴት በወንድ ፊት አትስበክ የሚል የእረኝነት ደብዳቤ አወጡ። አንጀሊና በሜይ 14 ቀን 1838 ፊላደልፊያ ላይ ዌልድን አገባች። ከሠርጉ ከሁለት ቀን በኋላ ማታ፣ በዚያው ሰሞን በተከፈተው ፔንሲልቫኒያ ሆል፣ በመስኮት ድንጋይ እየገባ ለብዙ ሰው ተናገረች። በማግስቱ ማታ ረብሸኞች አዳራሹን አቃጠሉት። ከተከፈተ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። አንጀሊና በተናገረችበት ምሽት ከእሷ ቀጥላ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት ተነሥታ ተናገረች፤ አቢ ኬሊ ትባላለች። በዓመቱ ሥራዋን ትታ ወደ መንገድ ወጣች፤ ከዚያም ለዓመታት ከመንገድ አልገባችም። ኮኔቲከት ውስጥ አንድ ቄስ እሷ በተገኘችበት «ኤልዛቤልን ትተዋለህና» የሚለውን የራእይ ቃል አንሥቶ ሰበከባት። ለእኛ ምእመናን ይህ ስድብ ማብራሪያ አያሻውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባክዎ ይህን አይለፉት። ኢንተርኔት ላይ ከሚዞሩ ጥቅሶች ይጠንቀቁ። ከባርነት የወጣችው ተናጋሪ ሶጆርነር ትሩዝ በ1851 በአክሮን ኦሃዮ «እኔስ ሴት አይደለሁም ወይ?» እያለች ደጋግማ ተናገረች ተብሎ በየቦታው የሚነበበው ንግግር የተጻፈው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ በሌላ ሴት ነው። የተጻፈውም በደቡብ ባሪያ አነጋገር ነው። ትሩዝ ግን ኒው ዮርክ ውስጥ በደች ቋንቋ ያደገች ሴት ናት። በዚያው በ1851 የኦሃዮ ፀረ-ባርነት ጋዜጣ ያወጣው ዘገባ ላይ ያ አዝማች የለም። ያንን ዘገባ ያወጣው አዘጋጅ ማሪየስ ሮቢንሰን ነው፤ ከሌን ሴሚናሪ ከወጡት ተማሪዎች አንዱ፣ በ1837 ኦሃዮ ውስጥ ረብሸኞች ሬንጅ ቀብተው ላባ የነሰነሱበት ሰው። የቆየውን ዘገባ ይመኑ።

ገደቡንም ይንገሯቸው። ተናጋሪዎቹ ባርነትን አላስቀሩም። ባርነት የወደቀው በእርስ በርስ ጦርነት፣ ባሪያዎቹ ራሳቸው ከእርሻው እየሸሹ በመውጣታቸው፣ ወደ 180,000 የሚሆኑ ጥቁሮች በሰሜን ጦር ውስጥ በመዋጋታቸው፣ በመጨረሻም በ1865 በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ማኅበሩም በ1840 ለሁለት ተሰንጥቋል። ለክፍፍሉ አንዱ ምክንያት አቢ ኬሊ ሴት ሆና ሳለ ለኮሚቴ መመረጧ ነበር። ሆኖም ባርነትን ለመቃወም የተቋቋመው የሊበርቲ ፓርቲ በ1840 ወደ 7,000 ድምፅ ብቻ አግኝቶ በ1844 ከ62,000 በላይ አገኘ። ድምፁ ከመጣባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ እነዚያው ወኪሎች የረገጧቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ከዚህ በላይ አይጨምሩ፤ ከዚህ በታችም አይቀንሱ።

ምርጫውን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለዎት። ዌልድን ቢመርጡ የድርጅቱ አሠራር ይገለጣል፤ ለወጣት ግን ይደርቃል። አቢ ኬሊን ቢመርጡ ታሪኩ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሴቶችን መብት ጥያቄ ሳያነሡ ሊነግሯት አይችሉም፤ በግማሽ ሰዓት ደግሞ ሁለቱን መሸከም ከባድ ነው። የእኔ ምክር ቁርጥ ነው። ዳግላስን ይውሰዱ፣ እሱንም ከ1841 እስከ 1845 ያለውን ብቻ። የባርነት ልጅነቱን በሦስት ደቂቃ ይለፉት፤ ያንን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሰምተውታል። በግራፍተን ደወል ይጀምሩ፣ የኮሊንስን ምክር ያስከትሉ፣ ፔንድልተን ላይ ይቆዩ። ከዚያ ሰው «ይሄ ባሪያ ነበር ማለት ውሸት ነው» ስላለው በ1845 የጌታውን ስም ጠርቶ መጽሐፍ እንዳወጣ፣ በዚያም ምክንያት እንዳይያዝ ባሕር ተሻግሮ እንደሄደ ይንገሩ። በ1846 የእንግሊዝ ወዳጆቹ በ150 ፓውንድ ነጻነቱን ገዝተውለታል።

ዋሽንግተን አናኮስቲያ የሚገኘውን የዳግላስ ቤት ለማሳየት ካሰቡ ከንግግሩ በኋላ ያድርጉት እንጂ በፊት አይውሰዷቸው። ቤቱን የገዛው በ1877 ነው፤ የሚያዩት የተከበረውን ሽማግሌ ነው። ልጆቹ አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው አዳራሽ የተከለከለውን የ23 ዓመት ወጣት ነው። ከቻሉ ደግሞ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ወኪሎቹ የሠለጠኑባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለልጆቹ ይስጧቸውና ራሳቸው ይመልሱ። «ነጻ ቢወጡ የት ይሄዳሉ?» በሚለው ይጀምሩ፤ ከሦስቱ ከባዱ እሱ ነው።